የመብራቱን ሒሳብ የሚያበዛው ማነው?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ሆለታንና አዲስ ዓለምን ካለፈ በኋላ፣ አምቦ ከመድረሱ አስቀድሞ ጊንጪን ያገኛል። ጊንጪ የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ዙሪያዋን የከበባት በአማርኛ ዋልካ፣ በኦሮምኛ ኮትቻ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ እንደ ሊጥም ይላቆጣል። በጋ ሲሆን ደግሞ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ለጤፍ የተመቸ መሬት ስለ ሆነ አገሩ በእንጀራ አይታማም። እኛም ዛሬ የምንጽፈው ያ ጤፍ እንጀራ ሆኖ ከሞሰብ እስኪገባ ድረስ በአንድ ግቢ ውስጥ ስለሚፈጀው የኤሌክትሪክ ኀይል፣ ከዚያም አልፎ በወሩ መጨረሻ በሚመጣው ሒሳብ ምክንያት በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ስለሚነሣው ቅሬታ ነው።

ተማሪና ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው በኪራይ ቤት መሆኑ የታወቀ ነው። የኪራይ ቤት ደግሞ በየትም ከተማ እንደሚታየው ብዙ በር ያለው፣ ቆጣሪው ግን አንድ ብቻ የሆነ ግቢ ነው። ሒሳቡ ሲመጣ በሰው ቍጥር ወይም በክፍል ቍጥር ይካፈላል። ሒሳቡ እንደ ወትሮው የሆነ እንደ ሆነ ማንም ምንም አይናገርም። በድንገት እጥፍ ሆኖ የመጣ እንደ ሆነ ግን ጥርጣሬ ይነሣል፤ ዐይንም ወደ አንዱ ደጃፍ ያተኵራል።

ነገሩን ለማስረዳት ይረዳን ዘንድ አንድ ግቢ በሐሳባችን ጊንጪ ላይ እናቁም። ግቢው በካርታ ላይ የማይገኝ፣ ለምሳሌ ያህል ብቻ ያቆምነው ነው። በግቢው ባለቤቲቱና ሦስት ተከራዮች ይኖራሉ። አንዱ መምህር ነው። ሁለተኛው በወረዳው መሥሪያ ቤት የሚያገለግልና በትርፍ ጊዜው የሚማር ወጣት ነው። ሦስተኛይቱ ትንሽ ልጅ ያላት እናት ናት። ከዋናው ቤት በስተኋላ ሁሉም በተራ እንጀራ የሚጋግሩበት ኩሽና አለ። የግቢው ፍጆታ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነበር እንበል። በሐምሌ ወር ግን 340 ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ማን እንደሚሆን ለመገመት አያዳግትም። ሌሊት ሲያነብ የሚያመሸው ወጣት ነው። መስኮቱ ሁልጊዜ እስከ እኩለ ሌሊት ይበራልና። ባለቤቲቱም ጠርተው «ልጄ፣ እኛ አንድ ላይ የምንከፍለው ገንዘብ ነውና መብራቱን በጊዜ ብታጠፋ» ቢሉት፣ እርሱም «እትዬ፣ እኔ የማበራው አንዲት አምፖል ናት» ከማለት በቀር የሚመልሰው አያገኝም። አንዲት አምፖል ምን ያህል እንደምትፈጅ እርሱም አላሰላውም፤ እርሳቸውም አያውቁትም። እውነቱ ሳይታወቅ የቀረ እንደ ሆነ ወጣቱ ወይ ትምህርቱን ይተዋል፤ ወይም ቤት ሊፈልግ ይወጣል።

ስሙ ያሳሳተን ነገር

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባናል። እኛ የኤሌክትሪክን ኀይል ሁሉ «መብራት» ብለን እንጠራዋለን። ኀይል ሲቋረጥ «መብራት ሄደ»፣ ሲመለስ «መብራት መጣ» እንላለን። ሒሳቡንም «የመብራት ሒሳብ» እንለዋለን። በኦሮምኛም «ኢብሳ» የሚለው ቃል ብርሃንን የሚያመለክት ነው። ይህም አጠራር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ኤሌክትሪክ ሲገባ ሕዝቡ ያየው ብርሃኑን ነው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመውም መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ መብራትና ኀይል ባለሥልጣን ይባል ነበር። መብራቱ ከፊት፣ ኀይሉ ከኋላ ሆኖ ተጠራ።

ይሁን እንጂ በዛሬው ቤት ውስጥ መብራቱ ከሁሉ ያነሰ በላተኛ ነው። ስሙ ግን አሁንም ዐይናችንን ወደ አምፖሉ ይመራዋል። ሒሳቡ በጨመረ ቍጥር የምንቈጣው በበራ ነገር ላይ ነው። የሚሞቅ ነገር፣ ድምፅ የማያሰማ ነገር፣ በመሬት ውስጥ የተቀበረ ነገር ግን ከሐሳባችን ይርቃል። ስለዚህ ምክንያቱን ለማግኘት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ መለኪያውን ማወቅ አለበት።

ዋት ምንድን ነው? ኪሎዋት ሰዓትስ?

ዋት አንድ መሣሪያ በዚያች ቅጽበት ኀይል የሚስብበት ፍጥነት ነው። ከቧንቧ የሚወርድን ውሃ ብንመለከት ዋት የውኃው አወራረድ ቅጥነትና ውፍረት ነው። ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ በእንስራው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ነው። የምንከፍለውም ለተጠራቀመው ነው። አንድ ኪሎዋት ማለት 1000 ዋት ነው። 1000 ዋት የሚስብ መሣሪያ ለአንድ ሰዓት ከሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ፈጀ ይባላል። አንዳንድ ሰዎች «ኪሎዋት በሰዓት» ሲሉ ይሰማል፤ ይህ ግን ማካፈል ያስመስለዋል። ትክክለኛው ስሌት ኪሎዋቱን በሰዓቱ ማባዛት ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው ወፍራም ሆኖ ለጥቂት ጊዜ የሚወርድ ውሃና ቀጭን ሆኖ ቀንና ሌሊት የሚንጠባጠብ ውሃ አንድ ዐይነት እንስራ ሊሞሉ ይችላሉ። ይህን ያልተረዳ ሰው ግማሹን ተጠርጣሪ ሳያየው ያልፋል።

አሁን የግቢውን ዕቃዎች አንድ በአንድ እናስላ። ወጣቱ የሚያነብባት ቆጣቢ አምፖል 9 ዋት ናት እንበል። በየሌሊቱ 5 ሰዓት ብታበራ በ30 ቀን 1350 ዋት ሰዓት፣ ማለት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከሢሶ ያህል ትፈጃለች። በቀድሞው 60 ዋት አምፖል ቢያነብ ስንኳ 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የመምህሩ ቴሌቪዥን 80 ዋት ቢሆንና በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የሳተላይት መቀበያው ሳይነቀል ቀንና ሌሊት 10 ዋት ቢስብ በወር ከ7 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ማንም የማይጠረጥረው ይህ ትንሽ ሣጥን ከተማሪው አምፖል አምስት እጥፍ በላይ ይበላል ማለት ነው።

ወደሚሞቁት ዕቃዎች ስንመጣ ቍጥሩ ይለወጣል። ባለ ጥቅልል ሽቦው የኤሌክትሪክ ምድጃ 1000 ዋት ቢሆንና በቀን ለሁለት ሰዓት ወጥና ሻይ ቢሠራበት በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ካውያም 1000 ዋትና ከዚያ በላይ የሚስብ ነው፤ ነገር ግን በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ቢሠራ በወር ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ማቀዝቀዣ ሳያቋርጥ የሚሠራ ቢመስልም በራሱ ጊዜ እየቆመ እየተነሣ ነው፤ በሩ የማይገጥም ወይም ዙሪያው ያለው ላስቲክ የላላ እንደ ሆነ ግን ሞተሩ ዕረፍት ያጣል፤ ፍጆታውም በጣም ይጨምራል።

የሁሉ አለቃ ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በተለምዶ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ እስኪግልና ጋግሮ እስኪጨርስ ሁለት ሰዓት ቢወስድ በአንድ ጊዜ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህም ወጣቱ በዚያች አምፖል ከአምስት ወር በላይ ከሚያነብበት ጋር እኩል ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጋገር በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ ከግቢው 180 ኪሎዋት ሰዓት ውስጥ ሢሶው የእንጀራ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን የወትሮውን 180 ያስረዳል እንጂ አዲሱን 340 አያስረዳም። ምጣዱ በሰኔም ነበረ፤ ምድጃውም ነበረ። ታዲያ የተጨመረው 160 ከየት መጣ? «ብዙ የሚበላው ማነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ ነው። «አዲስ የተጨመረው ምንድን ነው?» የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። በየግቢው ጠብ የሚነሣው እነዚህ ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

አስቀድሞ ወረቀቱን መመርመር

ፍለጋው ከሽቦ ሳይሆን ከወረቀት መጀመር አለበት። በሒሳቡ ወረቀት ላይ ያለፈው ንባብና የአሁኑ ንባብ ተጽፈው ይገኛሉ። የአሁኑን ንባብ ይዞ ወደ ቆጣሪው ሄዶ ማስተያየት ነው። ቆጣሪው ከወረቀቱ ያነሰ ቍጥር የሚያሳይ ከሆነ ንባቡ በስሕተት ወይም በግምት የተጻፈ ነው፤ ይህንንም ቀኑንና ቍጥሩን መዝግቦ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይገባል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንደሚባለው ዝም ብሎ ከፍሎ ማጉረምረም ጥቅም የለውም።

ደግሞም ሁለቱ ንባቦች የስንት ቀን ልዩነት እንዳላቸው መቍጠር ያስፈልጋል። ቆጣሪው ለሁለትና ለሦስት ወር ሳይነበብ ቆይቶ በአንድ ጊዜ የተነበበ እንደ ሆነ የሦስቱ ወር ፍጆታ የአንድ ወር መስሎ ይታያል። በምሳሌያችን ግቢ ግን ወረቀቱ ትክክል ነበር። ቀኑ 30፣ ንባቡም ከቆጣሪው ጋር የሚስማማ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ደረጃ እንሻገራለን።

ቆጣሪውን ማናገር

የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ታሪኩ ረጅም ነው። የሀንጋሪው መሐንዲስ ኦቶ ብላቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 በማግኔት ኀይል የሚዞር ክብ ሳሕን ያለውን ቆጣሪ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ በዓለም ቤቶች ግድግዳ ላይ ሲሽከረከር የምናየው የዚያው ዘር ነው። ቤቱ ብዙ ሲስብ ሳሕኑ ይፈጥናል፤ ጥቂት ሲስብ ያዘግማል፤ ምንም ካልሳበ ይቆማል። በዛሬው ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ላይ ደግሞ በሳሕኑ ፈንታ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች።

በቆጣሪው ፊት ላይ ሳሕኑ ስንት ጊዜ ሲዞር ወይም መብራቷ ስንት ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሆን ተጽፏል። በቀድሞዎቹ ላይ ለምሳሌ 600 ዙር፣ በአዲሶቹ ላይ 1600 ብልጭታ የሚል ይገኛል። ይህን ቍጥርና የእጅ ሰዓት የያዘ ተማሪ ያለ ምንም ተጨማሪ መሣሪያ የቤቱን ፍጆታ መለካት ይችላል። ስሌቱም እንዲህ ነው፤ 3600ን በቆጣሪው ቍጥር ማካፈል፣ ውጤቱን ደግሞ በአንድ ብልጭታና በሚቀጥለው መካከል ባሉት ሴኮንዶች ማካፈል፤ የሚገኘው ኪሎዋት ነው። ባለ 1600ው ቆጣሪ በየ22 ሴኮንድ ተኩል አንድ ጊዜ ብልጭ ቢል ቤቱ በዚያች ጊዜ 100 ዋት እየሳበ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ግቢያችን እንመለስ። መምህሩ የሒሳብ ሰው ነበረና ጠቡ ሳይበረታ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሁሉም ዕቃውን ነቅሎ፣ መብራቱን አጥፍቶ እንዲተኛ፣ ወጣቱም ለአንድ ሌሊት ንባቡን እንዲተው ተስማሙ። የቆጣሪውን ቍጥር መዝግበው ተኙ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሥተው ቢያዩ 1.8 ኪሎዋት ሰዓት ጨምሯል። አምፖል ያልበራበት፣ ምጣድ ያልጋለበት፣ ሰው ሁሉ የተኛበት ግቢ በስምንት ሰዓት ውስጥ 1.8 ኪሎዋት ሰዓት በላ!

መምህሩ እንደገና ሁሉንም አጥፍቶ የቆጣሪዋን መብራት ቢመለከት በየ10 ሴኮንዱ ብልጭ ትላለች። 3600 ሲካፈል ለ1600፣ ደግሞ ሲካፈል ለ10፣ 0.225 ኪሎዋት ይሆናል። 225 ዋት ማለት ነው። ይህን በቀን 24 ሰዓት፣ በወር 30 ቀን ብናባዛው 162 ኪሎዋት ሰዓት እናገኛለን። የጠፋው 160 ኪሎዋት ሰዓት እነሆ ተገኘ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌ ለበጎ ነገር ቢነገርም ለጥፋትም ይሠራል። እንደ ምጣድ የማያስፈራው 225 ዋት ቀንና ሌሊት ስላልተኛ ከምጣዱ ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ በላ።

በዚያች ጠዋት ወጣቱ ከጥርጣሬ ነጻ ወጣ። ካውያዋና ምድጃዋ ሲታሙባት የሰነበተችው እናትም እንዲሁ። ሌባው ግን ገና አልተያዘም።

አንድ በአንድ መዝጋት

ቀጥሎ የሚሠራው መስመሮቹን በየተራ መለየት ነው። ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለው ዋናው ብሬከር ሲዘጋ የቆጣሪዋ ብልጭታ ካልቆመ ጕድለቱ በራሱ በቆጣሪው ወይም ከዋናው ብሬከር በፊት ባለው ሽቦ ላይ ነው። ያን ጊዜ ማንም ሰው እጁን ሳያስገባ ለመሥሪያ ቤቱ ማስታወቅ አለበት፤ የቆጣሪውን እሽግ መፍታት በሕግ ያስጠይቃል፤ ሕይወትም ያሳጣል። ብልጭታዋ ከቆመች ደግሞ ጕድለቱ ከዋናው ብሬከር በኋላ፣ በግቢው መስመር ውስጥ ነው።

በምሳሌያችን ዋናው ሲዘጋ ቆመች። ዋናውን ከፍቶ የየክፍሉን መስመር በተራ ሲዘጉ ግን ብልጭታዋ አልቆመችም። በመጨረሻ የኩሽናው መስመር ሲዘጋ ጸጥ አለች። በኩሽናው ውስጥ ምጣዱ ተነቅሏል፤ አምፖሉም ጠፍቷል። ታዲያ ኀይሉ የት ሄደ?

የሙያ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ መስመሩን ቢከተለው ከዋናው ቤት ወደ ኩሽና የሚሄደው ሽቦ ያለ ቧንቧ በመሬት ውስጥ የተቀበረ ሆኖ ተገኘ። መካከል ላይ ተቀጥሎ በፕላስተር የተጠቀለለ ቦታ ነበረው። ዋልካ አፈር በጋ ሲሰነጠቅ፣ ክረምት ሲያብጥ በውስጡ ያለውን ነገር ሁሉ ይጐትታል፤ ይጫናልም። የተቀጠለው ቦታ ላልቶ ፕላስተሩ ተላቀቀ። የሐምሌ ዝናብ ሲገባበት ኤሌክትሪኩ ከሽቦው ወጥቶ በእርጥቡ አፈር ውስጥ መፍሰስ ጀመረ። እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ማለት ነው፤ ማንም ሳይቀዳ ይጐድላል።

«ታዲያ ብሬከሩ ስለ ምን አልወረደም?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ እንዲህ ነው። 225 ዋት በ220 ቮልት አንድ አምፔር ያህል ብቻ ነው። የምጣድ መስመር ብሬከር ግን ከ16 አምፔር በላይ የሆነ ኀይል ሳያቋርጥ እንዲያሳልፍ የተሠራ ነው፤ ምጣዱ ራሱ 16 አምፔር ያህል ይስባልና። ስለዚህ አንዲት አምፔር ብትፈስ ብሬከሩ ምጣዱ የሠራ ይመስለዋል እንጂ አያውቃትም። ለሰው አካል ግን ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ኀይል ይገድላል። ወደ መሬት የሚፈስ ኤሌክትሪክን ለይቶ የሚያቋርጠው ልዩ ብሬከር በ30 ሚሊአምፔር፣ ማለት ከአንድ አምፔር ከመቶው በ3 እጅ ብቻ፣ እንዲወርድ የሚደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያ ግቢ ሕፃን ልጅ በባዶ እግሯ ትሮጣለች። እርጥብ ልብስ በሽቦ ላይ ይሰጣል። ጋጋሪዋ ውሃ በነካ እጇ ምጣዱን ትነካለች። ስለዚህ ያ የበዛው ሒሳብ ከገንዘብ ጥፋት በላይ የሆነ ማስጠንቀቂያ ነበር። ጥፋቱን በወጣቱ አምፖል ላይ አሳብበው አምፖሉን ቢያስጠፉት ኖሮ ሒሳቡ በሚቀጥለው ወር ያው ይሆን ነበር፤ አደጋውም እንደ ተደበቀ ይቈይ ነበር።

መድኃኒቱም ከባድ አልነበረም። ኀይሉ ተዘግቶ አሮጌው ሽቦ ወጣ፤ ቅጥል የሌለው አዲስ ሽቦ በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ ሆኖ ተዘረጋ፤ ለምጣዱ የመሬት ሽቦ ተደረገለት።

የሌሊቱ ፈተና ንጹሕ በሆነበት ቤት

ቆጣሪው ሌሊት የቆመበት ቤት ግን ምክንያቱን በቀን ውስጥ መፈለግ አለበት። ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ምጣዱ ነው። የምጣድ ሙቀት ከላይም ከታችም ያመልጣል። አከምባሎው የማይገጥም ከሆነ፣ ምጣዱ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ ነገር ከሌለው ኀይሉ ኩሽናውን ያሞቃል እንጂ እንጀራውን አያበስልም።

የቮልቴጅ ማነስም ብዙ ሰው የማያስበው ምክንያት ነው። «መብራቱ ከደከመ ቆጣሪው ጥቂት ይቈጥራል» የሚሉ አሉ። ለአምፖል እውነት ሊሆን ይችላል። ለምጣድ ግን እንዲህ አይደለም። በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በ180 ቮልት የሚስበው 2.3 ኪሎዋት ያህል ብቻ ነው፤ ኀይሉ በቮልቱ ቍጥር ሳይሆን በቮልቱ ካሬ ይቀንሳልና። ምጣዱ እንደ ጋለ ለመቈየት ብቻ አንድ ኪሎዋት ወደ አየር የሚያባክን ቢሆን፣ በመጀመሪያው ለሊጡ 2.5 ኪሎዋት ይተርፋል፤ በሁለተኛው ግን 1.3 ብቻ። አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ጋገራ ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። የተበላው ኀይልም ከ3.5 ወደ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወጣል። ሩብ ያህል ትርፍ ጠፋ፤ ያውም እንጀራው ዐይን ሳያወጣ! ከተማው ሁሉ ምድጃውን በሚለኵስበት ምሽት ከመጋገር፣ ኀይሉ በሚበረታበት ሰዓት መጋገር ይሻላል። ደግሞም ሁለት ቤት በተለያየ ቀን ምጣዱን ከማጋል፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ቢቀጥል አንዱ ማጋያ ይተርፋል። እናቶቻችን በጭስ ኩሽና ዘመንም ተራ ይዘው ሲጋግሩ ይህንኑ ያውቁ ነበር።

ብዙ ቤት በአንድ ቆጣሪ

ሌላው የሒሳብ መብዛት ምክንያት በሽቦ ውስጥ የሌለ፣ በታሪፉ ውስጥ ያለ ነው። በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ እስከ 2011 ዓ.ም. በቈየው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓቶች ዋጋ እያንዳንዱ 0.2730 ብር፣ ከ500 በላይ ያለው ደግሞ 0.6943 ብር ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውና በአራት ደረጃ ያደገው ታሪፍ የመጀመሪያውን 50 በዚያው በ0.2730 ብር ትቶ፣ ከ500 በላይ ያለውን በመጨረሻው ደረጃ 2.4810 ብር አደረሰው። ልዩነቱ ከሁለት እጥፍ ተኩል ወደ ዘጠኝ እጥፍ ሰፋ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ሌላ ታሪፍ ወጥቷል።

የዚህ አሠራር ሐሳቡ በጎ ነው፤ ጥቂት የሚፈጀውን ድኻ ቤት ይረዳል፤ ብዙ የሚፈጀውን ያስከፍላል። ነገር ግን አራት ድኻ ቤቶች በአንድ ቆጣሪ ሲገናኙ ቆጣሪው እንደ አንድ ባለጠጋ ቤት ያያቸዋል። እያንዳንዳቸው 45 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጁ አራት ቤቶች ለየብቻ ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም በዝቅተኛው እርከን ይቀሩ ነበር፤ በ0.2730 ብር ስሌት አራቱ አንድ ላይ 49 ብር ገደማ ብቻ ይከፍሉ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ግን 180 ሆነው ወደ ሦስተኛው እርከን ይወጣሉ። በ2011ዱ ታሪፍ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ይህ እርከን 1.6250 ብር ነበር፤ ስለዚህ የአገልግሎት ክፍያውን ሳንቈጥር ስንኳ አራቱ የሚከፍሉት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። እንግዲህ ማንም ሳያባክን፣ ምንም ሳይበላሽ፣ አንድ ተከራይ ስለ ተጨመረ ብቻ የሁሉም ሒሳብ ሊያድግ ይችላል። ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት የተለየ ቆጣሪ መጠየቅ ነው። ይህ ካልተቻለ ደግሞ በየክፍሉ መስመር ላይ ትንሽ የግል መቍጠሪያ አስገብቶ ሒሳቡን በሰው ቍጥር ሳይሆን በተለካው ልክ መካፈል ነው።

አገራችን ቆቃን በ1952 ዓ.ም. ስታስመርቅ የጣቢያው ኀይል 43.2 ሜጋዋት ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5150 ሜጋዋት፣ ማለት የቆቃን 119 እጥፍ የሚያመነጭ ሆኖ ተሠርቷል። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከግድቡ የተነሣው ኀይል ስንት ተራራ ተሻግሮ መጥቶ በአንዲት የተላቀቀች የፕላስተር ቅጥል በኩል ወደ ጭቃ የሚፈስ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። አንድ ግቢ 162 ኪሎዋት ሰዓት ካባከነ እንዲህ ያሉ አንድ ሺህ ግቢዎች በወር 162 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ያባክናሉ።

ስለዚህ በኪራይ ቤት ለሚኖሩ ወጣት አንባቢዎቻችን የምንመክረው ቀላል ነገር ነው። አንድ ደብተር ከቆጣሪው አጠገብ አንጠልጥሉ። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ንባቡን ጻፉ። አዲስ ዕቃ የተገዛበትን፣ ዝናብ የበረታበትን፣ እንግዳ የሰነበተበትን ቀን ከጐኑ አስታውሱ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይልቁንም ክረምት እንደ ገባ፣ የሌሊቱን ፈተና አድርጉ። ሽቦ መፍታትና መቀጠልን ግን ለባለሙያ ተዉት። ይህን ያደረገ ግቢ ሒሳቡ በበዛበት ወር ጎረቤቱን ከመክሰሱ በፊት የሚከፍተው ደብተር ይኖረዋል።